ማርያም የሳመችኝ

የጎንደሩ ፈራጅ አዛዥ በአዳራሻቸው ሃያ ሥዕል ሰብስበዋል። ከሁሉ የሚወዱት የጸሎተ ሐሙስን እራት ነው። ሞታቸው ሲቃረብ ሠዓሊውን ክንፉን አስጠርተው፣ ለቤተ ክርስቲያን በሚሰጡት ሥዕል ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው እንዲሥላቸው አዘዙት።

«ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝንም እንዳትረሳ» አሉት።

ሥሎ ሲያሳያቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ሁለት ዓይን ሰጠኸኝ?»

«ጌታዬ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሣለውማ ሰይጣንና ከዳተኛ ነው።»

«እንግዲያው አንዱን አጥፋው። አባትህ የእራቱን ሥዕል አልሰጥም ቢለኝ በሐሰት ፈርጄ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። እግር ብረት ላይ ሆኖ ጨርሶ ላከልኝ፤ እዚያው ሞተ። ይኸው ሃያ ዓመት ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።»

ክንፉ ቀለሙን አስቀምጦ ተነሣና የአባቱን ሥዕል ከግድግዳው አወረደው። የነጠላውን ጫፍ በምራቁ አርሶ፣ የጧፍ ጭስ ያጠቆረውን የይሁዳን ፊት ቀስ አድርጎ ጠረገው።

ይሁዳ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው። ጉንጩ ላይ ግን ማርያም ስማዋለች።