ቤት ያደሩ ድንጋዮች

አዲሱ ሕግ ከታሪካዊ ሕንፃ የተነቀለ ድንጋይ ውጭ እንዳያድር ከከለከለ ወዲህ፣ ግንበኛው ቢያድግልኝ ከሚታደሰው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የነቀለውን ድንጋይ ሁሉ ቤቱ ያስገባል። ሳሎኑ ሲሞላ አልጋቸውንም ለድንጋዮቹ ለቀቁ። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ማደር ከጀመሩ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ሚስቱ ይርገዱ ሳታማርር የዋለችበት ቀን የለም፤ "ያገባሁት ግንበኛ ነው ወይስ ግንብ?" ትላለች።

ዛሬ ቢያድግልኝ ባዶ እጁን መጥቶ በር ላይ ቆመ።

"ምነው?"

"ሕንፃው በመስታወት እንዲያልቅ ተወሰነ። ድንጋዮቹ ነገ ተወስደው ለጠጠር ይፈጩ ተባለ።"

ይርገዱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ኧረ ቀስ ብለህ አውራ፣ ይሰሙሃል!"

በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና አልጋው ላይ ላሉት ብርድ ልብስ ደረበችላቸው።