የታጣፊው ወንበር ሰላዮች

ረጅሙና ድብልብሉ በአንድ የወንበር ወርክሾፕ የሚሠሩ አናጺዎች ናቸው። አለቃቸው አንድ ቀን ጠራቸውና ሰላይ አደረጋቸው። ምን ይሳነዋል፣ አለቃ ነው።

«ማዶ ያለው ወርክሾፕ ምን እንደሚሠራ አጣሩልኝ። ሥራ ፈላጊ መስላችሁ ግቡ።»

ድብልብሉ የውሸት ጺም ለጠፈ። ረጅሙ ሰማዩ ደመና ለብሶ እያለ ጥቁር መነጽር ሰካ። እንግዲህ እንዲህ ተሰውረው ማን ይለያቸዋል።

የማዶዋ ባለቤት፣ እትዬ የሚሏቸው ወይዘሮ፣ ለፈተና አንድ ወንበር አሠሯቸው። እጃቸው እንደለመደው ቶሎ ቶሎ ገጣጠሙ። እትዬ ተቀመጡበት፣ ተነሡ፣ ደግመው ተቀመጡበት። «ነገ ጀምሩ» አሉ። ሁለቱ ጀግኖች እያፏጩ ወጡ።

በአሥረኛው ቀን ጉድ ፈላ። አለቃቸው ገና ለገበያ ያላወጣው ታጣፊ ወንበር ማዶ መስኮት ላይ ተደርድሮ ታየ።

አለቃው ጦፈ። «ከእኔና ከእናንተ ሌላ ያየው ቀለም ቀቢው ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ሌላ ሌባ ካላመጣችሁልኝ፣ ሽማግሌውን ከነብሩሹ አባርረዋለሁ።»

ቀለም ቀቢው የረጅሙ አማት ነው። ረጅሙ ሚስቱ ምን እንደምትለው አሰበና መነጽሩን ዳግም ሰካ።

ስለላው ጠና። ድብልብሉ እትዬ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ እንቅልፍ ጣለው፤ ባያንኮራፋ ኖሮ ከነቁም ሳጥኑ ለደንበኛ ተጭኖ ነበር። ረጅሙ ደግሞ የእትዬን ሙጫ ቀቢ ተከታትሎ ስንቴ ሽንት ቤት እንደሄደ መዘገበ። ከባድ ምስጢር ነው መቼም።

«ሙጫ ቀቢው ዓይኑ አላማረኝም» አለ ድብልብሉ።

«አንተ ዓይኑ ያማረህ ፍጥረት አለ? ትናንት ድመቷን ጠርጥረህ አልነበር?»

«እሷም በደህና አይደለም የምታየን፣ ወንድሜ።»

«ተወኝ እባክህ። አማቴ በስተርጅና ጎዳና ሊወጣ ነው፣ አንተ ከድመት ጋር ትፋጠጣለህ።»

ዓርብ ጠዋት ረጅሙ መላ ሲጠፋው መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና እትዬ ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ በሞቴ ይንገሩኝ። ይሄን ታጣፊ ወንበር ማን አመጣልዎት?»

«ምን ነካህ ልጄ» አሉ እትዬ፣ «ለፈተና የሠራችሁት አይደል እንዴ።»