የማዕዶት የወርቅ ጥለት

ደግፌ ጥለቱን በጣቱ ዳበሰና ደነገጠ። ትናንት ያበላሸው የወርቅ አበባ ዛሬ ተስተካክሏል።

ሥራው የመጣው ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ነው። የጡረተኛው ዳኛ ባለቤት ወይዘሮ ውቢት ልጃቸውን ማዕዶትን ሊድሩ ነው። የአያታቸውን ካባ ቁራጭ ከጎንደር አስመጥተው አሳዩትና፣ «የቀሚሷ ጥለት ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ» አሉት። ክሩ ደግሞ ከህንድ የመጣ፣ ወርቅ የተቀባ ነው። ሲያስረክቡት ይሳሱለት ነበር።

«አደራ፣ አቶ ደግፌ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ። እርስዎን ብዬ ነው ታች ሲቀላ ድረስ የወረድኩት።»

ደግፌም ደረቱን ነፍቶ እሺ አለ። ያልነገራቸው ነገር ግን ነበር። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የበሩን ብርሃንና የሰውን ጥላ ያያል፤ ክር አያይም። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፣ ለሚስቱ ለሻሺቱ እንኳ። ዓይኑ ለደከመ ሸማኔ ማን ወርቅ ያስጨብጣል? ይህችን ሥራ ልጨርስና እታከማለሁ ይላል በሆዱ። «የዶርዜው ደግፌ» እየተባለ የኖረበት ስም በዚህች ጥለት ላይ ተንጠልጥሏል።

ነጩ ሸማ ግድ የለም፤ እጁ በልማድ ይሠራዋል። የወርቁ ጥለት ግን ዓይን ይፈልጋል። አንድ ድር የተሳተ እንደሆነ አበባው በሙሉ ይጣመማል። ደግፌ በየቀኑ ያበላሻል፤ ማበላሸቱንም ያውቃል፣ የወርቁ ክር ከጥጡ ተለይቶ ይጎረብጣልና። ረቡዕና ዓርብ የቀኑን ጸሎት ደርሶ ሲመለስ ግን የተበላሸው ተፈትቶ፣ እንደገና ተሠርቶ፣ ጥንቅቅ ብሎ ይጠብቀዋል።

ሻሺቱን መጠየቅ ይችል ነበር። ሻሺቱ የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔም ሚስት ናት፤ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች፣ ታጠነጥናለች፤ ሽመናው ግን በደንቡ የወንድ ነው። ቤቱ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ከእሷ አይሰወርም። ግን እንዴት ብሎ ይጠይቃት? ጥያቄው ራሱ ዓይኑን ያጋልጠዋል።

ስለዚህ በጣቱ መረመረ። ከሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ያለችው የመቀመጫ ሳንቃ ወደ ፊት ተስባለች። በእግር ጣት የሚረገጠው ገመድም አጥሯል። አጭር ሰው ነው እንግዲህ። ሳንቃዋ ላይ ደግሞ ባዘቶ ተጣብቋል።

አጭር ሸማኔ ደግፌ አንድ ያውቃል፤ ዘመድኩንን። ሙያውን ያስተማረው ራሱ ነው። ልጁ ኋላ ሽመናውን ትቶ ክር ንግድ ገባ። የክር ነጋዴ ልብስ ደግሞ ከባዘቶ ጸድቶ አያውቅም። አሁን ደልቶታል አሉ፤ ሽቶ ሁሉ ይቀባል።

ዓርብ ዕለት ከጸሎት ሲመለስ ከአጥሩ ወዲያ የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

«ቶሎ በል እንጂ ዘመድኩን፣ እሱ ሳይመጣ።»

«እሺ እትዬ። የቀረውን ረቡዕ አመጣለሁ።»

ደግፌ አጥሩን ጨበጠ። የቀረው ምንድን ነው? በገዛ ጉድጓዱ፣ በገዛ ወርቁ፣ በገዛ ሚስቱ! ቢናገር ዓይኑ ይታወቅበታል፤ ወርቁም ስሙም ይሄዳሉ። ዝም ቢል ትዳሩ ይሄዳል። ቤቱ ጠበበው።

ይባስ ብሎ ሻሺቱ ከአጠገቡ አልነቃነቅ አለች። ድሮ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ነበር የምትፈትለው። ሰሞኑን ወደ እሱ ዞራ፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ ትንፋሿ እስኪሰማው ቀርባ ትቀመጣለች። እንዳልይዛት እየጠበቀችኝ ነው አለ በልቡ።

«የምሥጋና አባት፣ ትንሽ ዐረፍ በል እንጂ» አለችው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ማረፌ ማንን ሊጠቅም?»

«አንተን ነዋ! ምን ነካህ ሰሞኑን?»

መወርወሪያውን አንስቶ ወረወረ። የድምፅዋ መለሳለስ አንጀቱን አቃጠለው።

ረቡዕ ቆረጠ። ለጸሎት የሚሄድ መስሎ ወጣና የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ፣ አብሮ አደጉን ክብሩን ይዞ ተመለሰ። ሲጋቡ ቃል ያስገባቸው እሱ ነበር።

«ሚስቴ ወንድ ታስገባለች» አለው መንገድ ላይ። «ዓይተህ ትመሰክርልኛለህ። ከዛሬ ወዲያ አብሬያት አልኖርም።»

«ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! ሻሺቱ እንዲህ ያለች ሴት አይደለችም።»

«በጆሮህ ስትሰማ ታምናለህ።»

በጓሮ ዞረው ግድግዳው ሥር ቆሙ። ውስጥ መወርወሪያው ወዲህ ወዲያ ይላል። አይቸኩልም፣ አይሳሳትም። ክብሩም የሸማኔ ልጅ ነውና ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ።

«ሰማህ?» አለ ደግፌ። «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። ታዲያ ማነው የሚሸምነው?»

ክብሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼስ የሸማኔ እጅ ነው» አለ እያዘነ። «እውነትህን ነው ማለት ነው።»

ደግፌ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። ዞሮ በሩን በትከሻው በረገደው። በጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጥላ ጎንበስ ብሏል። መወርወሪያው ቀጥ አለ።

«ውጣ! ከጉድጓዴ ውጣ፣ አንተ ከሃዲ! አስተምሬህ!» ብሎ ጮኸ። ጥላው አልተንቀሳቀሰም፤ አንዲት ቃልም አልወጣውም። «ክብሩ፣ ያዘው እንጂ! ዘመድኩን ነው፤ ይኸው በዓይኔ አየሁት!»

ክብሩ ከበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ደግፌ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፊትህ የተቀመጠችው ሻሺቱ ናት እኮ፤ አይታይህም እንዴ?»