የማይስቀው ቄስ

ቲያትሩ ለንደን ላይ የተከፈተው ቦምብ ከሰማይ በሚወርድበት ሐምሌ ነበር። የአደጋው ደወል ሲጮህ ተመልካቹ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እየሳቀ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ቲያትሩ ከከተማ ከተማ ዞሯል፤ ግማሹ ተዋናይም ግንባር ሄዶ በሌላ ተተክቷል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ያመለጠ ጀርመናዊ ምርኮኛ የቄስ ልብስ ሰርቆ ይለብሳል፤ መድረኩ በቄስ ይሞላል፤ ሁሉም «እውነተኛው ቄስ እኔ ነኝ» ይላል። በሦስተኛው ክፍል ሃምሳ አለቃ ገብቶ ሁሉንም ይለቅማቸዋል። ሃምሳ አለቃውን የሚጫወተው ሆራስ፣ ፊቱን ቀይ ቅባት የሚቀባ አጭርና ደቃቃ ሰው፣ ተራው እስኪደርስ ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ንቅል አይልም።

በብርዱ ወራት መጨረሻ ቡድኑ በምሥራቁ ጠረፍ ወዳለች ትንሽ የወደብ ከተማ መጣ። ሰኞ፣ በመክፈቻው ምሽት፣ የዋናዋ ተዋናይ የቤሪል ዓይን አንድ ሰው ላይ አረፈ። ነጭ የቄስ ኮሌታ አድርጎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ እሱ ፊቱን አልፈታም። ማክሰኞም መጣ፤ ረቡዕም መጣ። የተዋናይን እንቅልፍ የሚነሳው ፉጨት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሬዲዮው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ወሬ ይደጋግማል። በአቅራቢያው ካለው ካምፕ አንድ ምርኮኛ ጠባቂውን ገድሎ እሁድ ዕለት አምልጧል፤ እስካሁን አልተያዘም።

ቤሪል ጥርጣሬዋን ለአልባሳት ኃላፊዋ ለወይዘሮ ታፕ ነገረች። አሮጊቷ ሳቁባት።

«እኔስ ብሆን፣ ቄስ ሆኜ ይህን ሁሉ ፌዝ ብሰማ የምስቅ ይመስልሻል?»

«መኪናስ? በዚህ የቤንዚን እጦት በየምሽቱ በመኪና የሚመጣ ምን ዓይነት ቄስ ነው?»

ወይዘሮ ታፕ፣ የገጠር ቄስ ቤንዚን ይፈቀድለታል ብለው ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። ቤሪል ግን ሆዷ አልቆረጠም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሁለተኛው ክፍል ሲጋመስ፣ ወይዘሮ ታፕ ቀሚሷን እያጠበቡላት አጉረመረሙ። ኮሪደሩ ላይ አንድ መስቀያ ባዶውን ተንጠልጥሏል አሉ። ቤሪል ወዲያው ሰውየው የለበሰው ትዝ አላት። ትርፍ የቄስ ልብስ እንዳለ ታውቃለች። መቼ እንደጠፋስ ማን ያውቃል?

ሁለተኛው እረፍት ሆነ። ለተመልካቹ ሻይ በየረድፉ ሲታደል፣ ቤሪል ካፖርቷን ደርባ ፖሊስ ልትጠራ በጓሮው በር ወጣች። አንድ ሃምሳ አለቃ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ሲያያት ክው አለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እግዚአብሔር ነው የላከዎት» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ሰውየው አገጩን በሻርፕ ጠምጥሟል። ጥርሱን እንዳመመው በጣቱ አሳያት። እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቷል፤ ጦሩም እንደ ሕዝቡ ጨርቅ አጥሮታል ማለት ነው። ኮሌታው ላይ ቀይ ቅባት ነክቶታል፤ ፍቅረኛው ስማ ሸኝታው ይሆናል ብላ ገመተች። ስለ መኪናው ስትነግረው በዝግታ ራሱን ነቀነቀና ወደ አዳራሹ ተከተላት።

ሃምሳ አለቃው የቄሱን ክንድ ጨምድዶ ሲያስነሳው ሻዩ ተደፋ።

«ልጄ፣ ተሳስተሻል» አላት ቄሱ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። የሰው ሳቅ ልስማ ብዬ ነው የምመጣው። እውነተኛው ቄስ እኔ ነኝ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ረድፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ያጨበጨበም ነበር። ቤሪል እሷም ሳቋ መጣና ዋጠችው።

ደጅ ሲወጡ ሃምሳ አለቃው የመኪናውን ቁልፍ ከቄሱ ኪስ አውጥቶ መልሶ ሰጠውና ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እሱ ከኋላው ገባ። መኪናዋ እንደ ጦርነቱ ደንብ በተሸፈነ መብራቷ ወደ ወደቡ ታጠፈች። ቤሪል ከዓይኗ እስክትሰወር ድረስ አየቻት። ከዚያ ካፖርቷን እያወለቀች ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ለሦስተኛው ክፍል ደወሉ ሲደወል ከወይዘሮ ታፕ ጎን ቆማ የሆነውን ትተርክላቸው ነበር። ሆራስ ከመጠጥ ቤቱ ተመልሶ፣ በካናቴራ ብቻ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ወይዘሮ ታፕ፣ የኔን የሃምሳ አለቃ ልብስ ማን አነሳው?»