የደረጃው መደገፊያ

የብየዳው ኤሌክትሮድ አሁንም ብረቱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ። «ክብሪት እንደምትጭሪ ነካ አድርገሽ ሳብ አድርጊው እንጂ!» አላት ባሏ። ዕድሜውን በብየዳ የፈጀው ሽማግሌ ዓይኑ ብርሃን ካጣ ከርሟል፤ ቢሆንም ልማድ ሆኖበት ከብልጭታው ፊቱን አዙሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። «ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ቸስስ ካላለ ብየዳ አይባልም። ለነገሩ ማሽን ግዢ ብልሽ የምሳ ዕቃ ይዘሽ መጣሽ!»

«ብቻዬን የምሸከመውን ነው የመረጥኩት፤ አንተን መሸከሙ ይበቃኛል» አለችና የብየዳ ማስኩን ፊቷ ላይ መልሳ ደፋች። ባለፈው የመጨረሻዋን ደረጃ ስቶ ከወደቀ ወዲህ፣ መደገፊያ ሳልሠራለት እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ብረቱ ቸስስ አለ፤ ሽማግሌውም ዘፈን እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ።

ብረቱ ሲቀዘቅዝ መዳፉን መደገፊያው ላይ አድርጎ ወደ ታች ዳሰሰ። የመጨረሻዋ ደረጃ አጠገብ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ አውራ ጣቱ ባቄላ የምታህል እብጠት አገኘና ቆመ።

«ቆይ፣ እሷን ሞርጄ አጠፋታለሁ» አለች አፍራ፣ ሞረዱን እያነሳች።

ሞረድ ያልነካው ብየዳ ከእጁ ወጥቶ የማያውቀው ሰው እብጠቷን በመዳፉ ሸፈናት። «እንዳትነኪያት!» ከዚያ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ፤ ብቻውንም ወረደ። አውራ ጣቱ እብጠቷ ላይ ሲያርፍ፣ በእግሩ ሳይፈልግ፣ እንደሚያይ ሰው መሬቱን ረገጠ። «ደረስኩ» አለ፤ እጁን ግን አላነሳም።