የጋሽ ምስጋናው ጠመንጃ

ረድኤት ሰሜን ተራሮች ላይ እግሯ ወለም ብሏት መራመድ ሲያቅታት፣ ያጀቧት የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ ምስጋናው ጠመንጃቸውን አስታቀፏት።

«ሰው ይዤ እስክመጣ ይሄ ከእጅሽ አይለይ።»

«ነብር ቢመጣብኝስ ጋሼ?»

«ቃታውን መሳብ ነው ልጄ፣ አይዞሽ» ብለዋት ቁልቁል ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ገደሉንም መንገዱንም ዋጠው። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ነፍሷ ከሥጋዋ ልትለይ ትደርሳለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ቁጥቋጦውን እየጣሰ፣ እያለከለከ ወደ እሷ መጣ።

«ማነው?» ብትል መልስ የለም። ዓይኗን ጨፍና ቃታውን ሳበችው።

ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አልተሰማም።

ከቁጥቋጦው ውስጥ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣቸው ጋሽ ምስጋናው ብቅ አሉ፤ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ተከትለዋቸዋል። ጠመንጃውን ከእጇ ቀስ አድርገው ተቀበሏት፤ ከዚያም ከኮት ኪሳቸው ጥይቶቹን እያወጡ አንድ በአንድ አጎረሱት።