በአንድ ደቂቃ የቀደመ ዝምታ

ፈርሀት ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ «ውይ!» ሲል፣ በአበራሽ ስልክ ላይ ልጇ ገና ካልሲውን ወደ ላይ እየሳበ ነው።

የያዘችው የገመድ ጥቅል ከእጇ ይወድቃል። «ምን ሆነ?» ትላለች። የሚሰማት የለም። የፈርሀት ኳስ ማሳያ ቤት ከሱቋ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እዚያ በዲሽ ስለሚያሳዩ ከእሷ አንድ ደቂቃ ይቀድማሉ፤ የእሷ ስልክ በኢንተርኔት እየተጎተተ ነው የሚያመጣው። የተራው ነጋዴ ሁሉ በዚህ ሲስቅባት ከርሟል። እነሱ ጎል ገብቶላቸው፣ ጨብጭበው፣ ተቀምጠው ሲያበቁ እሷ ብቻዋን እልልታዋን ታቀልጠዋለች። «የእትዬ አበራሽ ጎል ከአዳማ በእግሩ ነው የሚመጣው» ይሏታል።

እዚያ ቤት አንዴ ገብታ አይታ ነበር። ልጇ ሀብተሚካኤል ያለቀለት ጎል ሳተና እናቱ መሃላቸው መቀመጧን ያላወቁ ሰዎች ያልሰደቡት ስድብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሸራና ገመድ በምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ልጇ በገዛላት ስልክ፣ ብቻዋን ታያለች።

«ውይ» ለተሳተ ኳስም ይባላል፤ ይህን ታውቃለች። ያስፈራት ከ«ውይ»ው በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ፈርሀት ቤት ዝም ብሎ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሀብተሚካኤል ልምምድ ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ ነበር። እሱ አልነገራትም፤ ከሰው ነው የሰማችው። ብትጮህበት ጊዜ ከማሊያው ስር የሚለብሳትን ጥቁር ልብስ አወጣላት። ጡት መያዣ ትመስላለች፤ ከኋላዋ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ተሰክቶባታል። «ልቤን ትቆጥራለች እማዬ። ሐኪሙ ሜዳው ዳር ሆኖ በታብሌት ያየዋል። ምንም የለብህም ብላኛለች።»

«እሷ አምጣ አልወለደችህ!» አለችው። ሳቀባት።

ስልኩ ውስጥ ልጇ ይሮጣል። ኳስ ይቀበላል፣ ይሰጣል፣ ለጓደኛው በእጁ ይጠቁማል። ደህና ነው። ፊቱ ወዝቷል፣ እንዲያውም ፈገግ ብሏል። አበራሽ ግን ዓይኗን ከስልኩ አንስታ ወደ ፈርሀት ደጅ ትመለከታለች። ይህ የምታየው ልጅ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረው ነው። የአሁኑ ልጇ እዚያ ማዶ፣ ዝም ካሉት ሰዎች ጋር ነው፤ እነሱ አይተውታል፣ እሷ አላየችውም።

«ውጣ በቃ!» ትላለች ስልኩን ከጥቅሎቹ ላይ አንስታ። «ቁጭ በል የኔ ልጅ! አመመኝ በላቸው!»

ጋሽ እንድሪስ ከፈርሀት ቤት ይወጣሉ። ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከሱቋ ጎን ከተከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሁልጊዜ ሲያልፉ «አበራሽ፣ እንዴት ነሽ?» ሳይሏት አያልፉም። አሁን አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። በራቸው ጋ ይደርሱና አንዱን የብረት መዝጊያ ይገፉታል። ከዚያ ሁለተኛውን።

በዚህ ተራ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ የሚዘጋው ለሞት ነው። የሞተበት ሰው መርዶው ሳይነገረው ጎረቤቱ አስቀድሞ የራሱን ይዘጋል፤ ከዚያ ሰብሰብ ብሎ ይመጣል። ባሏ የሞተ ዕለትም መጀመሪያ የሰማችው የእኚሁን በር ድምፅ ነበር። አርብ ቢሆን ለጁምዓ ነው ትል ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

«ጋሼ» ትላለች። «ጋሼ፣ ምነው ዘጉ?»

ቁልፉን እንደያዙ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧት ይቆማሉ።

ያኔ ነው ስልኩ ውስጥ ልጇ የሚወድቀው። ማንም አልነካውም። ኳሱም እሱ ዘንድ አልነበረም። እየሮጠ ሳለ እግሩ ይተሳሰርና በግንባሩ ይደፋል፤ አንድ ጫማው ይወልቃል። ጓደኞቹ እጃቸውን እያራገቡ ወደ ሜዳው ዳር ይጮኻሉ። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ ሲሮጥ ይታያል። ልጇ አይንቀሳቀስም።

«ራጉኤል አባቴ፣ ድረስለት! ልጄን! አንድ ልጄን!»

ማዶ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይደበላለቃል፤ ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ የሚንኳኳ ወንበር። ፈርሀት ሪሞቱን እንደያዘ ደጁ ላይ ይወጣና በመኪኖቹ ጥሩንባ መሃል ይጮኻል። «እትዬ አበራሽ! ተነሳ! ወላሂ ተነስቷል! ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ነው!»

ጋሽ እንድሪስ አንዱን መዝጊያ ይከፍቱታል። ከዚያ ሁለተኛውን። «ነፋሱ ነው የዘጋው» ይላሉ፣ ሳያዩዋት። ጠዋት ጠዋት ትከሻቸውን አስደግፈው የሚገፉት በር ነው።

ከዚያ መጥተው አጠገቧ ይቆማሉ። ማዶ ሰዎቹ ወደ ጨዋታቸው ተመልሰው ዳኛውን መስደብ ጀምረዋል።

«ተነስቷል እኮ አበራሽ። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ግን አትተነፍስም። በመዳፏ ላይ ሐኪሙ ገና እየሮጠ ነው፤ ልጇም ባንድ እግሩ ጫማ በግንባሩ እንደተደፋ ነው።